«ኤአይ አስገቡልን» ለሚባሉ የሐዋሳ ወጣት ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ ለጠየቁት በጽሑፍ የሚመልሰው የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራም ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ከወጣ ወዲህ «እነ እገሌ ጀምረዋል፣ እኛስ?» የማይል ሥራ አስኪያጅ የለም። ለሆቴሉም ለስፌት ፋብሪካውም ትእዛዙ የሚወርደው እናንተ ላይ ነው። ጉልበታችሁ ለታይታ እንዳይባክን ስለምሳሳ ነው የምጽፍላችሁ።

እሺ ከማለታችሁ በፊት ሥራው ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ሁለት ሳምንት መዝግቡ፦ በቀን ስንት ጥያቄ ይመጣል፣ አንዱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ከመቶው ስንቱ ይሳሳታል? ይህ ካልተያዘ ለውጥ መምጣቱን ማንም አያውቅም።

ብዙ ጊዜ የታመመው መዝገቡ ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ተብሎ ሦስት ጊዜ ለተመዘገበ አንድ ደንበኛ ኤአይ አያስፈልግም። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን አንድ አድርጎ ከስልክ ቁጥር ጋር የሚያመሳክር አጭር ኮድ ይበቃል። ሀና ሃንም አትርሱ።

የሆቴል ቦት (ለደንበኛ መልእክት በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ላይ ሰዓት ያስቸግራል። «ማታ 2 ሰዓት» 20፡00 ነው፤ ቦቱ 14፡00 ብሎ ከያዘ እንግዳው ሲደርስ ክፍሉ ለሌላ ተሰጥቶ ይጠብቀዋል። መስከረም 5ን ሴፕቴምበር 5 ካለው ደግሞ ቢያንስ አሥር ቀን ይዛነፋል። ስሌቱን ለተራ ኮድ ስጡት፤ ቦቱ ቀኑንና ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር መልሶ ደንበኛውን ያረጋግጥ።

በሻጩ ማሳያ አትፍረዱ። ከድርጅቱ ቴሌግራም 200 መልእክት ፊደል ሳታርሙ ሰብስቡና ፈትኑበት። በላቲን የተጻፈ አማርኛም ሲዳሙ አፎም ይኑርበት፤ የከተማችን ሰው የሚጽፈው እንዲያ ነው። ስምና ስልክ ግን አጥፉ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ወጪውንም በአማርኛው አስሉ፤ ክፍያው በቶክን፣ ማለትም ጽሑፉ ለማሽኑ በሚቆራረጥበት ቁራጭ ብዛት ነው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ይቆራረጣል።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያላችሁ «97 በመቶ ትክክል» የሚባል የጥራት ካሜራ ሲመጣላችሁ ረጋ በሉ። ከ100 ሸሚዝ 3ቱ ብቻ እንከን ካለባቸው፣ ሁሉንም «ደህና» የሚል ማሽንም 97 ያገኛል፤ አንድም እንከን ሳይዝ! ከተበላሹት ስንቱን ያዘ? ከደህናውስ ስንቱን ጣለ? ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቁ። ትዕዛዙ ከነጭ ጨርቅ ወደ ባለመስመር ሲቀየርም እንደገና ፈትኑ፤ ካሜራው መስመሩን እንደ እንከን ሊቆጥረው ይችላል።

ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ከውጭ ገዢዎች የሚመጣውን ረጅም የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አሳጥሮ ማቅረብን የመሰለ፣ ሰው ወዲያው ሊያርመው የሚችል ሥራ ላይ ጊዜ ይቆጥባል።

ውጤቱን በአንድ ገጽ ለአለቃችሁ አቅርቡ፦ የዛሬው ቁጥር፣ የሙከራው ቁጥር፣ ወርኃዊ ወጪው፣ ከምን በታች ከሆነ እንደሚቆም። «ይግባ» ካሉ በአንድ ክፍል ለአንድ ወር ይሞከር፤ መልሱንም ሠራተኛ አይቶት ይላክ።