ደኑን ገበሬው ካስተዳደረው የእኔ ዲግሪ ምን ይሠራል?

እህቴ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሀብት ተመርቀሽ ጅማ ዞን ውስጥ በለጤ ደን አካባቢ ከገበሬዎች የደን ማኅበራት ጋር የምትሠሪበት የኮንትራት ሥራ አግኝተሻል። አባትሽ ግን የባንክ ፈተና ተፈተኚ ብለዋል። አንቺን የከነከነሽ ሌላ ነው፦ «ደኑን ገበሬው ካስተዳደረው እኔ እዚያ ምን ላደርግ ነው?»

እኔም በልማት ሠራተኝነት ገጠር ገብቼ ስለጀመርኩ ጥያቄሽን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በበለጤ ጌራ ደን አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ማለትም መንግሥትና የአካባቢው ገበሬ ደኑን በስምምነት አብረው የሚያስተዳድሩበት አሠራር፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ በጃፓን ድጋፍ ነው። የገበሬዎቹ ማኅበራት ዋቡብ ይባላሉ፤ በኦሮምኛ «የደን አስተዳደር ማኅበር» የሚለው ስም ምህጻር ነው። ገበሬው ከደኑ ቡናና ማር ይጠቀማል፤ በምላሹ ደን መንጥሮ አዲስ እርሻ ላያወጣ ይፈርማል። የአገሪቱ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም ለአሳታፊ አስተዳደር ቦታ ሰጥቷል። ፊርማ ብቻውን ግን ደን አይጠብቅም።

ቡናውን አስቢ። ገበሬው ከቡናው ሥር ሲመነጥር የዛፍ ችግኙም አብሮ ይሄዳል። ትልልቆቹ ዛፎች ስለቆሙ ደኑ ያለ ይመስላል፤ ተተኪ ግን የለውም። የተማርሽው እዚህ ጋ ነው የሚፈለገው። ትእዛዝ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ከማኅበሩ ኮሚቴ ጋር ደኑ ውስጥ ገብታችሁ ችግኙን አብራችሁ ቁጠሩ። ራሳቸው ቆጥረው ያዩትን ራሳቸው ደንብ ያወጡበታል።

ደንቡ ሲወጣ ደግሞ ማን እንዳልተጠራ እዪ። ስሙ የሚመዘገበው አባወራው ነው፤ ለማገዶ በየቀኑ ደን የምትገባው ሚስቱ ናት። እሷ ሳትጠየቅ ስለ ደረቅ እንጨት የተጻፈ ደንብ በማግስቱ ይፈርሳል። ወሰን ላይ ሁለት መንደር ሲጋጭም ጂፒኤስ አያስታርቅም፤ ሽማግሌዎቹን ይዘሽ መስመሩን በእግር መሄድ አለብሽ። ይሄን ሁሉ የሚያደርግ ባለሙያ ሥራ ፈት ነው ወይ?

አባትሽ ያስተማሩሽ ከጭቃ ሊያወጡሽ መሆኑ ይገባኛል። ግን ባንኩ ገና ያላለፍሽው ፈተና ነው፤ ይሄኛው እጅሽ የገባ ሥራ ነው። ዕድሜሽን የምትሠሪበት አንቺ ነሽ፤ ይህንኑ በአክብሮት፣ ግን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው። ለቤት የምትልኪውንም ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት ወስኚ፤ ኮንትራት ሲያልቅ ለጥቂት ወራት የምትኖሪበት ሊኖርሽ ይገባል።

ማስተርሱ ይቆይ፤ መስክ ላይ የራስሽን ጥያቄ ታገኛለሽ። ኦሮምኛ መጻፍ ግን ከዛሬ ጀምሪ፤ ቃለ ጉባኤው የሚያዘው በኦሮምኛ ነው። ከመፈረምሽ በፊትም የመስክ አበሉና ትራንስፖርቱ ውሉ ላይ መጻፋቸውን አረጋግጪ። በቃል ከነገሩሽ አስጽፊያቸው።