ሙሉ ፋይበር ወደ ቤት ለማስገባት፤ ለብሪታንያ ነዋሪዎች የቀረበ ጥያቄና መልስ

በብሪታንያ ኦፕንሪችና ተፎካካሪዎቹ በየመንደሩ የፋይበር መስመር እየዘረጉ በመሆናቸው፣ በልዩ ልዩ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ቅያሬው ብዙ ጥያቄዎችን አቅርበዋል። በቤት ውስጥ መስመር ዝርጋታ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየሁ በመሆኔ፣ የማውቀውን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የማሳስበው ግን ሰዎች ጊዜያቸውን የሚያጠፉት ፍጥነት በመምረጥ ላይ ሲሆን፣ ለዓመታት የሚያስደስተው ወይም የሚያማርረው ውሳኔ ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ቤት ውስጥ የት ይተከል የሚለው መሆኑን ነው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ አሁን ያለኝ ኢንተርኔት «ፋይበር» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ። «ሙሉ ፋይበር» ከዚህ በምን ይለያል?

መልስ፦ ለብዙ ዓመታት «ፋይበር» እየተባለ ሲሸጥ የቆየው አገልግሎት፣ ፋይበሩ የሚደርሰው መንገድ ዳር እስከቆመው አረንጓዴ የብረት ሳጥን ድረስ ብቻ ነው። ከሳጥኑ እስከ ቤትዎ ያለውን ርቀት የሚሸፍነው የድሮው የስልክ መዳብ ሽቦ ነው። በዚህ ዓይነቱ መስመር ላይ የሚሸጠው ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 80 ሜጋቢት ገደማ ሲሆን፣ ቤትዎ ከሳጥኑ በራቀ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። በሙሉ ፋይበር ግን ከስልክ ማዕከሉ እስከ ቤትዎ ግድግዳ ድረስ ያለው መስመር በሙሉ መስታወት ስለሆነ፣ ርቀቱ ፍጥነትዎን አይቀንሰውም፤ ዝናብ ሲዘንብ የሚንኮሻኮሽ የሽቦ መገጣጠሚያም የለውም።

ያለዎት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ራውተሩ የተሰካበትን ቦታ ይመልከቱ። ቀጭን የስልክ ገመድ ከግድግዳው የስልክ ሶኬት ተነሥቶ ወደ ራውተሩ የሚገባ ከሆነ መስመርዎ መዳብ ነው። እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ገመድ ወፈር ያለና ጫፉ ተጠምዝዞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ቨርጂን ሚዲያ በብዙ ቤቶች ያስገባው ኮአክሲያል ገመድ ነው፤ በዚህኛው ዳውንሎዱ በጣም ፈጣን ቢሆንም አፕሎዱ ከዳውንሎዱ በብዙ ያንሳል። ሙሉ ፋይበር ባለበት ቤት ግን በራውተሩና በግድግዳው መካከል ኦኤንቲ የሚባል፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን አለ።

ጥያቄ (ከሊድስ)፦ አምስት ሰዎች ነን፤ ሁለታችን ከቤት እንሠራለን፤ ልጆቹም ማታ ማታ ፊልም ያያሉ። ሻጩ 900 ሜጋቢት ካልገዛችሁ አይበቃችሁም ይለናል።

መልስ፦ አይስማሙ። ኔትፍሊክስ ለከፍተኛው የ4ኬ ጥራት የሚጠይቀው 15 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ ሦስት ቴሌቪዥኖች በአንድ ጊዜ በዚህ ጥራት ቢከፈቱ 45 ሜጋቢት ይወስዳሉ። ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ ለእያንዳንዱ ሰው ከአራት ሜጋቢት ብዙም አይበልጥም። ለእናንተ ቤት 150 ሜጋቢት በቂ ነው፤ ትልልቅ የጨዋታ ፋይሎችን የሚያወርድ ልጅ ካለና የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ 300 ወይም 500 ቢወስዱ ቅር የሚያሰኝ አይደለም።

ሻጩ የማይነግርዎ ግን ከቤት ለሚሠራ ሰው አስፈላጊ የሆነው ቁጥር አፕሎድ ነው። በኦፕንሪች መስመር ላይ የሚሸጥ የ150 ሜጋቢት ጥቅል አፕሎዱ 30 ገደማ ሲሆን፣ 900ውም ቢሆን ከ110 ሜጋቢት ገደማ አያልፍም። የራሳቸውን መስመር የዘረጉ እንደ ኮሚዩኒቲ ፋይበርና ሃይፐርኦፕቲክ ያሉ ድርጅቶች በአብዛኛው ዳውንሎድና አፕሎዱን እኩል ያደርጋሉ። በእርስዎ ፖስትኮድ ሁለቱም ዓይነት ካለና ትላልቅ ፋይሎችን ወደ ሥራ ቦታ የሚልኩ ከሆነ፣ ይህን ልዩነት ከዋጋው እኩል ይመዝኑት።

ጥያቄ (ከበርሚንግሃም)፦ ቴክኒሻኑ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ምን ማዘጋጀት አለብኝ?

መልስ፦ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ረዘም አድርጌ መመለስ የምፈልገው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ያን ቀን የተበሳ ቀዳዳ በቀላሉ አይዛወርም።

ሥራው እንዲህ ነው። ፋይበሩ ወይ ከመንገድ ምሰሶ በአየር ላይ፣ ወይ ከመሬት ውስጥ ቱቦ ተነሥቶ ወደ ቤትዎ የውጭ ግድግዳ ይመጣል። እዚያ ትንሽ ሳጥን ይለጠፋል፤ ከእሱ ጀርባ ግድግዳው በድሪል ይበሳና ቀጭኑ ገመድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በውስጠኛው ግድግዳ ላይም ኦኤንቲው ይተከላል። ቴክኒሻኑ በቀን ውስጥ ብዙ ቤት ስላለበት፣ እርስዎ ቦታ ካልመረጡ እሱ የሚመርጠው ከምሰሶው በቅርብ የሚገኘውን ግድግዳ ነው። ይህም ብዙ ጊዜ ከበር ጀርባ ያለ የመተላለፊያው ጥግ ወይም ከሶፋ ኋላ ያለ ቦታ ይሆናል።

ስለዚህ ከቀኑ በፊት ሦስት ነገሮችን ይወስኑ። መጀመሪያ ኦኤንቲውና ራውተሩ እያንዳንዳቸው የኤሌክትሪክ ሶኬት ስለሚፈልጉ፣ ሁለት ክፍት ሶኬት ያለበትን ቦታ ይምረጡ። ቀጥሎ ከግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ፣ የጋዝ ወይም የውኃ መስመር የሚያልፍበትን ያወቁትን ያህል ለቴክኒሻኑ ይንገሩት። ሦስተኛው፣ ራውተሩ የግድ ከኦኤንቲው አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት ይወቁ። ሁለቱን የሚያገናኘው ተራ የኤተርኔት ገመድ ነው፤ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋቢትን ሳያጎድል ያደርሳል። ስለዚህ ኦኤንቲው በር አጠገብ ቢሆንም፣ በግድግዳው ሥር በጥንቃቄ የተዘረጋ ገመድ ራውተሩን ወደ ቤቱ እምብርት ሊያመጣው ይችላል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከፍ ያለ ጥቅል ገዝቶ በየወሩ ከመክፈል እጅግ ያነሰ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከግድግዳው ወደ ኦኤንቲው የሚገባው ገመድ ውስጥ ያለው መስታወት ውፍረቱ 125 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርቱ ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ ነው። ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ ተጠብቆ የሚሄደው ገመዱ ሳይታጠፍ ሲቀመጥ ነው፤ አጥብቆ ከታጠፈ ብርሃኑ ወደ ውጭ ያፈተልካል፤ ከተሰበረም እንደ መዳብ ሽቦ ቆርጠው አይቀጥሉትም። አንድ ቤት ውስጥ መስመሩ በየጊዜው እየጠፋ ቤተሰቡን ሲያስቸግር ቆይቶ ስንመለከተው፣ ሶፋው ወደ ግድግዳው በተገፋ ቁጥር ገመዱን ከኦኤንቲው ሥር ሲያጥፈው አገኘነው። ሶፋውን አንድ ስንዝር ማራቅ በቂ ነበር። ስለዚህ ሳጥኑ የቤት ዕቃ የማይደርስበት፣ ልጆችም የማይጎትቱት ቦታ ላይ ይሁን።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ የምኖረው በካውንስል ፍላት ውስጥ ነው። ጎረቤት መንገድ ሁሉ ፋይበር ገብቷል፤ ለእኛ ግን ፖስትኮዱን ስናስገባ «የለም» ይላል።

መልስ፦ በፍላት ውስጥ ፋይበሩ መጀመሪያ ወደ ሕንፃው ገብቶ በየፎቁ መከፋፈል አለበት፤ ለዚህም የሕንፃው ባለቤት፣ በእርስዎ ጉዳይ ካውንስሉ፣ በጽሑፍ መፍቀድ ይኖርበታል። መንገዱ ላይ መስመር እያለ ሕንፃው ባዶ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ይህ ፈቃድ ሳይፈረም ስለሚቀር ነው። ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው ጥያቄውን ለካውንስሉ የቤቶች ክፍልና ለመስመር ዘርጊው ድርጅት በጽሑፍ ያቅርቡ፤ አንድ ሰው ከሚጠይቅ ብዙ አባወራ ሲጠይቅ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ፣ የሕንፃ ባለቤት ለተደጋጋሚ ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር መስመር ዘርጊው ድርጅት ወደ ልዩ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅድለታል። በግል አከራይ ቤት የምትኖሩም ብትሆኑ ግድግዳ ከመበሳቱ በፊት የአከራዩን ስምምነት በጽሑፍ ያዙ።

ጥያቄ (ከማንቸስተር)፦ እናታችን ብቻቸውን ይኖራሉ። የቤት ስልካቸውን ቁጥር አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ሁሉ ያውቁታል፤ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የአደጋ ጥሪ መሣሪያም አላቸው። መቀየሩ ያሰጋናል።

መልስ፦ ሥጋታችሁ ተገቢ ነው። ሆኖም አሮጌው የስልክ መረብ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2027 እንዲዘጋ ስለተወሰነ፣ ቀኑ ደርሶ ከመጣደፍ አሁን በዝግታ ማዘጋጀቱ ይሻላል።

ዋናው ልዩነት ኤሌክትሪክ ነው። የድሮው ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከስልክ ማዕከሉ በመዳብ ሽቦው በኩል ስለነበር፣ ቤቱ ጨለማ ቢሆንም ይሠራ ነበር። አዲሱ ስልክ ግን ራውተሩ ላይ ስለሚሰካ፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የኮሚዩኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሆነው በኦፍኮም ደንብ መሠረት፣ በቤት ስልክ ብቻ ለሚተማመን ደንበኛ ኩባንያው መብራት በጠፋ ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ወደ 999 መደወል የሚያስችል መፍትሔ በነጻ መስጠት አለበት። እናታችሁ ሞባይል የማይጠቀሙ ከሆነ ይህን በግልጽ ጠይቁላቸው።

የአደጋ መሣሪያውን በተመለከተ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ለመሣሪያው ድርጅት ደውሉና በኢንተርኔት ስልክ ላይ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልሠራ እንዲቀይሩት አድርጉ። ከዚያ አዲሱን መስመር ስታዝዙ በቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዳለ አስመዝግቡ። መስመሩ በተቀየረበት ዕለት፣ ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት ቁልፉን ተጭናችሁ ጥሪው መድረሱን አረጋግጡ።

ቁጥሩም እንዳይጠፋ አሮጌውን ውል በራሳችሁ አትሰርዙ። ውሉ ከተሰረዘ ቁጥሩም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ አዲሱ ኩባንያ ቁጥሩን ይዞ እንዲያዛውር ግን ማዘዝ ትችላላችሁ። የስልክ አገልግሎት ጭራሽ የማይሰጡ የፋይበር ድርጅቶችም ስላሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ጥያቄ (ከብሪስቶል)፦ ኩባንያ ስቀይር የድሮውን ማን ይዘጋልኛል? ዋጋውስ በየዓመቱ የሚጨምረው እስከ ስንት ነው?

መልስ፦ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለአዲሱ ኩባንያ ብቻ መናገር በቂ ነው፤ የድሮውን ውል የሚያቋርጠው እሱ ነው። ነገር ግን የድሮው ውል ዘመኑ ካላለቀ የመውጫ ክፍያ ስለሚጠየቁ፣ የሚላክልዎን ማሳወቂያ ሳያነቡ አይስማሙ። ዋጋን በተመለከተ፣ ከጥር 17 ቀን 2025 ወዲህ በሚፈረሙ ውሎች ውስጥ የሚደረገው ጭማሪ በፓውንድና በፔንስ ተጽፎ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ «እንደ ዋጋ ንረቱ» የሚለው አሠራር ታግዷል። ስለዚህ የውሉን ዘመን፣ ለምሳሌ የ24 ወር ከሆነ የ24 ወሩን፣ ሙሉ ሒሳብ ደምረው ያወዳድሩ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገባ ውልን በ14 ቀናት ውስጥ መተው ይችላሉ።

ጥያቄ (ከሼፊልድ)፦ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው የምቀበለው። ለእኔ የሚሆን አለ?

መልስ፦ አለ። ብዙ ኩባንያዎች ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም ፔንሽን ክሬዲት ለሚቀበሉ ሰዎች ቅናሽ ያለው ሶሻል ታሪፍ አላቸው፤ በአብዛኛው በወር ከ12 እስከ 20 ፓውንድ ገደማ ነው። በማስታወቂያ አጉልተው ስለማያወጡት በስሙ ጠርተው መጠየቅ አለብዎት። መብት ነውና አይፈሩ።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ፋይበር ካስገባሁ አዲስ አበባ ካሉት ወላጆቼ ጋር የማደርገው የቪዲዮ ጥሪ መቆራረጡ ይቀራል?

መልስ፦ በከፊል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከለንደን አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5,900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ድምፅዎ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ እንደ ጂቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ሥር ኬብሎች ስለሚወጣና ኬብሎቹም ስለሚጠመዘዙ፣ እውነተኛው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ይህን የትኛውም ጥቅል አያሳጥረውም። ወላጆችዎ የሚጠቀሙት የሞባይል ዳታ ደካማ ከሆነም መቆራረጡ የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው። የእርስዎ ፋይበር የሚያስተካክለው የእርስዎን ጫፍ ነው፤ ልጆች ቤት ውስጥ ፊልም ሲከፍቱ ምስልዎ መቆሙ ይቀራል። ለወላጆችዎ ቤት ቋሚ የብሮድባንድ መስመር ማስገባት የሚቻል ከሆነ ገንዘቡን እዚያ ማዋል የበለጠ ይጠቅማል እላለሁ።

ጥያቄ (ከኖቲንግሃም)፦ ፋይበሩ ከገባ ሁለት ወር ሆነው። 500 ሜጋቢት እየከፈልኩ ላይኛው ፎቅ ላይ ስልኬ የሚያሳየኝ 40 ነው። ተታልያለሁ?

መልስ፦ ኩባንያውን ከመክሰስዎ በፊት ላፕቶፕዎን በኤተርኔት ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ይለኩ። በገመድ 500 አካባቢ ካገኙ መስመርዎ ጤነኛ ነው፤ ፍጥነቱን የሚበላው በቤቱ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ነው። አሮጌ የጡብ ቤቶች በተለይ ፈጣኑን የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ አያሳልፉም፤ ስልክዎም ራቅ ሲል ወደ ዘገምተኛው 2.4 ይወርዳል። ራውተሩን ከጓዳና ከቁም ሣጥን አውጥተው ከፍ ባለ፣ በተጋለጠ ቦታ ያስቀምጡት። ካልበቃ ሜሽ የሚባሉትን፣ ዋይፋዩን በቤቱ ውስጥ የሚያዳርሱ ተጨማሪ ሳጥኖች ይግዙ፤ የላይኛውን ፎቅ ሳጥን በገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ከቻሉም ያድርጉት፤ በዋይፋይ ከተገናኘ ሳጥን በብዙ ይሻላል።

በገመድም ቢሆን ኩባንያው በውሉ ላይ ከጻፈው ዝቅተኛ የፍጥነት ዋስትና በታች ካገኙ ግን በጽሑፍ ያመልክቱ። የኦፍኮምን የፍጥነት ደንብ በፈቃዱ የፈረመ ኩባንያ በ30 ቀናት ውስጥ ካላስተካከለው ያለ ቅጣት መውጣት ይችላሉ።

ጥያቄ (ከካርዲፍ)፦ ኢንተርኔት ጭራሽ ሲጠፋ ችግሩ የእኔ ይሁን የእነሱ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ኦኤንቲው ላይ ያሉትን መብራቶች ይመልከቱ። ኦፕንሪች በሚተክላቸው ሳጥኖች ላይ «ፖን» (PON) የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ሳያብለጨልጭ ከበራ ብርሃኑ ቤትዎ ደርሷል፤ ችግሩን በራውተሩ ወይም በአገልግሎት ሰጪው በኩል ይፈልጉ። «ሎስ» (LOS) የሚለው ቀይ ከበራ ግን ብርሃኑ አልደረሰም፤ ገመዱ መታጠፉን ብቻ በዓይንዎ አይተው ለኩባንያው ይደውሉና «ሎስ ቀይ በርቷል» ይበሏቸው። ይህን ከሰሙ ራውተሩን ደጋግመው እንዲያጠፉና እንዲያበሩ ከማድረግ ይልቅ ቴክኒሻን ወደ መላኩ ይሄዳሉ። የገመዱን ጫፍ ግን በራስዎ አይንቀሉት፤ በመስታወቱ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አቧራ ብርሃኑን ሊያግደው ይችላል።