የቁጥሩ አጻጻፍ የማይመሳሰለው ማውዘር ተነካክቷል?

ወንድሜ፣ የለጠፍካቸውን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ጠመንጃህ የጀርመኑ ማውዘር ካራቢነር 98 ኩርትስ ነው። በርሜሉ የሚገባበት የብረት አካል፣ ሪሲቨሩ፣ አናቱ ላይ «ቢዋይኤፍ» የሚሉ የላቲን ፊደላትና ከሥራቸው 43 አለው። የቦልቱ፣ ማለትም በእጄታው ወደፊትና ወደኋላ እየተገፋ ጥይት የሚያጎርሰውና በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ ቁጥር ከሪሲቨሩ ጋር አንድ ነው፤ አጻጻፉ ግን ሌላ ነው። እንጨቱም ቀላ ያለ ወፍራም ቫርኒሽ ተቀብቷል። «ኦሪጅናል ነው ወይስ የተነካካ?» ብለሃል። ተነካክቷል፤ የነካካው ግን አጭበርባሪ ሳይሆን የሶቪየት የጦር መሣሪያ ማደሻ ነው።

ምንም ነገር ከማየትህ በፊት ካዝናውም በርሜሉም ባዶ መሆናቸውን አረጋግጥ።

ፊደላቱ የፋብሪካ ኮድ ናቸው። ቢዋይኤፍ በጀርመን ኦበርንዶርፍ ከተማ የነበረው የማውዘር ፋብሪካ ነው፤ 43 ደግሞ እ.ኤ.አ. 1943። ይህ ክፍል በፎቶው ላይ ንጹሕ ነው፣ አልተፋቀም። ከመለያ ቁጥሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ፊደል ግን አትዝለላት። ፋብሪካው ቁጥሩ 10,000 ሲሞላ ፊደል እየቀየረ ከ1 ይጀምር ነበር። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ጠመንጃዎች አሉ፤ የሚለያያቸው ፊደሉ ነው።

አሁን ወደ ቦልቱ። የፋብሪካ ቁጥር በማኅተም ተመትቶ የገባ ነው። አሃዞቹ እኩል ናቸው፣ ጥልቀታቸው አንድ ነው፣ ጠርዛቸው ላይ ብረቱ ትንሽ ተገፍቶ ያብጣል። ጥፍርህን ብታሳልፍበት ይሰማሃል። ያንተ ቦልት እጄታ ሥር ያለው ግን በኤሌክትሪክ መቅረጫ የተጫረ ነው። መስመሩ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይላል፣ አሃዞቹም እንደ እጅ ጽሑፍ ያዘነብላሉ። ሶቪየቶች ከጦርነቱ በኋላ የማረኳቸውን ጠመንጃዎች ፈታትተው አጸዱ፣ አጠቆሩ፣ ከዚያ ከተገኘው ዕቃ መልሰው ገጣጠሙ። ማን ከማን ጋር እንደነበረ አልተጨነቁበትም። የሪሲቨሩን ቁጥር ቦልቱ ላይ ጻፉበትና አለቀ። ስለዚህ «ቁጥሩ ገጥሟል» ብሎ ዋጋ የሚቆልልብህ ሻጭ ካለ አትመነው።

ሌሎቹም ምልክቶች ወደዚያው ይመራሉ። የፋብሪካው ቦልት ብዙውን ጊዜ ያልጠቆረ፣ ነጭ ብረት ነበር፤ ያንተ ከነእጄታው ጠቁሯል። ሪሲቨሩ ላይ የተመታችው ትንሽ የኤክስ ምልክት በእነዚህ ጠመንጃዎች ላይ የተለመደች ናት። ከአፈሙዙ ሥር መታየት የነበረበት መወልወያ ዘንግም የለም። ቀዩ ቫርኒሽ ሼላክ የሚባል ከሙጫ የሚሠራ ቅብ ነው፣ እሱም የማደሻው ሥራ ነው።

እንጨቱን በተመለከተ እለምንሃለሁ፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስነካው። የሰደፉ ቀኝ ጎን ላይ፣ ከቫርኒሹ ሥር፣ የጀርመን ተቆጣጣሪዎች የንስር ማኅተም ሊኖር ይችላል። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ስንት ጥሩ ጠመንጃ «ላሳምረው» በሚል እጅ እንደተበላሸ ሳስብ ያናድደኛል። ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ዘይት ለብረቱ ይበቃል።

በእኔ ግምት እውነተኛ ጉዳት የሚባለው ሌላ ነው። ሪሲቨሩ አናት ላይ ለማነጣጠሪያ መነጽር የተበሳ ቀዳዳ፣ ለአደን እንዲቀል የተቆረጠ የፊት እንጨት፣ የተፋቀ ንስር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቦልቱ ላይ የተጫረውን ቁጥር በሞረድ አጥፍቶ አዲስ የመታ ሰው ነው። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ከዙሪያው ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ ከሆነ ጠርጥር። ያንተው ላይ ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ታሪኩን ሳይደብቅ የቆየ እንዲህ ያለ ጠመንጃ በውሸት ማኅተም ከተዋበው ይበልጥብኛል።

መተኮስ ካሰብክ ግን ቆም በል። ቦልቱ የዚህ በርሜል አይደለም። ባለሙያ በመለኪያ ቦልቱ ሲዘጋ የጥይቱ ክፍተት ልክ መሆኑን ያረጋግጥልህ። ካሊበሩንም፣ ማለትም የጥይቱን ስፋትና የቀለሁን ርዝመት፣ አጣራ። የመጀመሪያው 7.92 በ57 ሚሊሜትር ነው። ኖርዌይ ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹን ወደ 7.62 በ63፣ እስራኤል ደግሞ ወደ 7.62 በ51 ቀይረዋቸዋል። እነዚያ ብዙውን ጊዜ «7.62» የሚል ማኅተም አለባቸው፤ ፎቶህ ላይ ባይታየኝም በርሜሉን ዙሪያውን እየው።

ብሎኖቹን በልካቸው በሆነ መፍቻ ፈትተህ በርሜሉ የሚተኛበትን የእንጨት ጎድጓዳ ፎቶ ላክልኝ። ፋብሪካው እዚያም ቁጥር ይመታ ነበር። ከሪሲቨሩ ጋር ከገጠመ እንጨቱ ከመጀመሪያው አብሮት የነበረ ነው።