የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የትምህርት ቤቱ ድጎማ ለማን ይደርሳል?

የምዝገባ ሰሞን ሲቃረብ ደብዳቤዎቻችሁ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት ያዘነብላሉ። ከዚህ ሳምንት መልእክቶች ስድስቱን መርጫለሁ።

አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር ጥቅል በጀትና የትምህርት ቤት ድጎማ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት ሲሉ ይጠይቃሉ።

ሁለት ናቸው። ጥቅል በጀቱ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ የሚወርደው ነው። የክልሎችን ድጎማ የሚወስነው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ገንዘቡ ለትምህርት ብቻ ተብሎ አልታሰረም። ወረዳው ያከፋፍለዋል፤ ለትምህርት ከሚደርሰውም አብዛኛው በመምህራን ደመወዝ ያልቃል። «ስኩል ግራንት» የምንለው ግን ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል የመጣ፣ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ድጎማ ነው። ለደመወዝ አይውልም።

ከቡሬ፦ በድጎማው ለወላጆች በዓል በግ መግዛት ይቻል እንደሆነ።

አይቻልም። ጠመኔ ይገዛበት።

የብቸና ወላጅ ናቸው። ርዕሰ መምህሩን «ዘንድሮ ስንት ብር መጣ?» ብለው ቢጠይቋቸው «ይህ የቢሮ ጉዳይ ነው» ተባሉ።

የቢሮ ጉዳይ አይደለም። የመጣው ገንዘብና የዋለበት ነገር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ አሠራሩ ይህ ነው። ብቻዎን አይሂዱ። የወላጅ መምህር ኅብረቱን ስብሰባ ይጠብቁ፤ ካልተጠራም እንዲጠራ ይጠይቁ። በስብሰባው ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ገባ፣ በማን ፊርማ ወጣ፣ የተገዛው ዕቃ በሞዴል 19፣ ማለትም በዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ሆኗል ወይ? ይህን ሲጠይቁ ማንንም ሌባ አላሉም። ብዙ ርዕሳነ መምህራን የሒሳብ ሠራተኛ ሳይኖራቸው ደረሰኝ እያሳደዱ የሚያመሹ ሰዎች መሆናቸውንም አይዘንጉ። ሒሳቡ ካልገጠመ ግን ወሬውን ቡና ላይ አይጨርሱት፤ ለወረዳው ኦዲተር በጽሑፍ ያመልክቱ። በዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ሒሳብ የሚመረምረው ኦዲተር ነው፣ ሐሜት አይደለም።

ከጮቄ ተራራ ሥር የሚያስተምሩ መምህርት ረጅም ደብዳቤ ጽፈዋል። ሱፐርቫይዘሩ «ለከተማውም ለእናንተም ልጅ እኩል ብር ነው የሚታሰበው፤ ታዲያ ፍትሕ ከዚህ ወዲያ ምንድን ነው?» ብለዋቸው ኖሮ፣ መልስ ቢያጡም ልባቸው አልቀበል ብሏል።

መምህርት፣ ልብዎ ትክክል ነው። ስሌቱን አብረን እንየው። በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ምዕራፎች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ተማሪ በዓመት 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ 55፣ ለ9ኛና 10ኛ 60፣ ለ11ኛና 12ኛ 70 ብር ይታሰብ ነበር። እንግዲህ እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምር፣ 240 ልጆች ያሉት የገጠር ትምህርት ቤት 12,000 ብር ያገኛል። በእነዚያው ክፍሎች 1,800 ልጆች ያሉት የከተማ ትምህርት ቤት 90,000 ያገኛል። ለአንድ ልጅ ሲካፈል እኩል ነው። የሚያፈሰው ጣሪያ ግን በልጅ ቁጥር ልክ አያፈስም። የከተማው ትምህርት ቤት ጠመኔውን ከማዶ ሱቅ ያመጣል፤ የእርስዎ በፈረስ አስጭኖ ዳገት ያስወጣል። የከተማው አዳራሽ ያከራያል፤ የእርስዎ ባህር ዛፉ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ከዓመታት በፊት በዚያው ተራራ ግርጌ አንድ የዳስ ክፍል ገብቼ ነበር። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተፈጭቶ የጠቆረ ነው። ጉሙ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ክፍሉን ሞልቶታል። አንዲት ልጅ ደብተሯን ጋቢዋ ሥር ከታ ትጽፋለች፤ ምነው ብላት «ጤዛው ቀለሙን ያጠፋብኛል» አለችኝ። ለዚያች ልጅና የመስታወት መስኮት ላለው ክፍል ልጅ 50፣ 50 ብር መስጠት እኩል ነው፤ ፍትሕ ነው ግን አልልም።

መንግሥት ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የፕሮግራሙ ምዕራፍ ፍትሐዊነትን በስሙ ውስጥ አስገብቷል፤ ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝም የተለየ ድጋፍ አስቦላቸዋል። ተገቢ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ችግር የክልል ወሰን አይጠብቅም። የአማራ ክልል እንደ አንድ ሲታይ የባህር ዳር ትምህርት ቤትና የጮቄ ዳስ በአንድ አማካይ ውስጥ ይደባለቃሉ፤ በአማካዩ ውስጥ ዳሱ አይታይም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ነገሩ ባሰ። ያልተመዘገበ ልጅ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ልጅ ገንዘብ አያመጣም። ስለዚህ ተዘግቶ የከረመ ትምህርት ቤት በሩን ሲከፍት፣ ወንበሩ ተቃጥሎ መጻሕፍቱ ተበትነው ገንዘብ እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ተማሪው ትንሽ ስለሆነ ድርሻውም ትንሽ ይሆናል። ይህ እንቅልፍ ይነሣኛል።

እኔ የምለው ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ አስቀድሞ የማይነካ መነሻ ይሰጠው፤ የተማሪ ቁጥር ከዚያ በኋላ ይታሰብ። ከዚያም ላይ ደረጃው ይጨመር። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ተመዝነው ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ደረጃ 1 ነው። ማን እንደ ወደቀ በወረቀት አለ ማለት ነው። ታዲያ ገንዘቡ ያንን ወረቀት ለምን አይከተልም? እርስዎም የትምህርት ቤትዎን የኢንስፔክሽን ሪፖርት አያይዘው፣ ከቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ጋር ተፈራርመው፣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያስገቡ። ግልባጩን ለዞን ይላኩ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከአቤቱታ ይሻላል።

ከሞጣ አንድ ወጣት ወንድሙ አሜሪካ እንደሚኖር ጠቅሶ፣ እዚያስ መንግሥት ለክልሎቹ እንዴት ይሰጣል ይላል።

በሁለት መንገድ ሞክረውታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት ሕግ፣ የድሃ ልጆች ለበዙባቸው ትምህርት ቤቶች በግዛቶቹ በኩል ገንዘብ እንዲደርስ አደረገ። ጆንሰን በወጣትነታቸው በቴክሳስ ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የድሃ ሜክሲኳውያን ልጆችን ያስተማሩ ሰው ነበሩ። በ2009 ደግሞ 4.35 ቢሊዮን ዶላር ለውድድር ቀረበ፤ የተሻለ የማሻሻያ ዕቅድ ያቀረበ ግዛት አሸነፈ። የመጀመሪያው ድህነትን ይከተላል፣ ሁለተኛው ዕቅድ መጻፍ የሚችለውን። ለጮቄዋ መምህርት የምመርጥላት የመጀመሪያውን ነው።

ከፍኖተ ሰላም አንድ አባት፦ የ2ኛ ክፍል ልጃቸው ከኋላ ሲጠሯት አትሰማም፤ በክፍልም «ሰነፍ» ትባላለች። በድጎማው የመስሚያ መሣሪያ ይገዛላት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ወንድሜ፣ ድጎማው ለዚህ አይበቃም። መሣሪያውንም ለጊዜው ይተዉት፤ አስቀድመው የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ለከርሞ አይደለም፣ በዚህ ሳምንት። የደረቀ ኩክ ወይም ታክሞ የሚድን የጆሮ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህን እኔም እርስዎም መምህሯም ልናውቅ አንችልም። ችግሩ ጸንቶ ከተገኘ የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ወደ ወረዳው ይሂዱ፤ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በሚደጋገፉበት የጉድኝት ማዕከል የአካቶ ትምህርት ድጋፍ ካለ ይመዝግቧት። እስከዚያው ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጥ፤ መምህሯም ወደ ሰሌዳው ዞረው ሳይሆን ወደ እርሷ ዞረው ይናገሩ። ሐኪሙ ያለዎትን ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።