የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የብየዳ ጉድለት ቁመት በምን ይለካል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት የብየዳ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ጠርዙ በ60 ዲግሪ የቪ ቅርጽ ተሞርዶ የተበየደ ባለ 20 ሚሊሜትር ብረት በ5 ሜጋኸርዝ ፌዝድ አሬይ አልትራሳውንድ (የድምፅ ጨረሩን አንግል በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚቀያይር መፈተሻ) ስፈትሽ፣ 12 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ጠንካራ ምልክት አገኘሁ። ጨረሩ ከብረቱ ጀርባ ነጥሮ ሲመለስ ነው የታየኝ። በ6 ዲሲቤል ዘዴ ቁመቱ 4 ሚሊሜትር ሆነ፤ ባልደረባዬ ግን የጉድለቱን ጫፎች ተከትሎ 2.5 ሚሊሜትር ነው ይላል። የሠራንበት የፕሮብ (ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው አካል) ክፍል 10 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። የማንኛችን ልክ ነው? ጉድለቱስ ስላግ (በብየዳው ውስጥ የቀረ ዝቃጭ) ነው ወይስ ያልተዋሃደ ብየዳ (ከጠርዙ ብረት ጋር ቀልጦ ያልተያያዘ)?

መልስ፦ ከቀረበልን መረጃ በመነሣት የባልደረባዎ ቁጥር ለእውነቱ ይቀርባል እንላለን። የ6 ዲሲቤል ዘዴ ምልክቱ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ያለውን ስፋት የሚለካ በመሆኑ፣ ጉድለቱ ከጨረሩ ሲያንስ የምናነበው የጉድለቱን ሳይሆን የጨረሩን ስፋት ነው። በብረት ውስጥ የተሻጋሪ ሞገድ (ንዝረቱ ለጉዞው አቅጣጫ ቀጤ የሆነ ሞገድ) ፍጥነት በሰከንድ 3240 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በ5 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 0.65 ሚሊሜትር ነው። ቀጥታ ወደ ታች ከሚወርደው መስመር በ60 ዲግሪ አጋድሎ ወርዶ፣ ከጀርባ ነጥሮ 12 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ የሚደርስ ጨረር 56 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ በዚያ ርቀት የጨረሩ ስፋት ከ3.5 ሚሊሜትር ይበልጣል። እርስዎ ያነበቡት 4 ሚሊሜትር በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ትኩረቱን በመሣሪያው ለማጥበብ መሞከርም ብዙ አይረዳም፤ ይህን ያህል አጭር የሆነ ፕሮብ ትኩረቱን መሰብሰብ የሚችለው እስከ 40 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነውና።

ጉድለትን በደንብ የሚያሳየው አንግል በደንብ የሚለካው አንግል እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። በ60 ዲግሪ የሚሄደው ጨረር የተሞረደውን ጠርዝ ቀጥ ብሎ ስለሚመታ የፊቱ ነጸብራቅ ደካማዎቹን የጫፍ ምልክቶች ይውጣቸዋል። ስለዚህ ወደ 45 ዲግሪ አካባቢ ይሂዱ፤ ጌይኑን (የምልክቱን ማጉያ) ከፍ ያድርጉ፤ የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ ጥልቀት ለይተው ልዩነቱን ይውሰዱ።

ምልክቱ በጠርዙ መስመር ላይ ካረፈና አንግሉ ከ60 ዲግሪ ሲርቅ ፈጥኖ ከወደቀ፣ ያልተዋሃደ ብየዳ መሆኑን ያመለክታል። ስላግ ግን ቅርጹ ወጣ ገባ ስለሆነ በብዙ አንግሎችና ከሁለቱም ጎን ተቀራራቢ ጥንካሬ ያሳያል፤ ጫፉም ብዙ ጊዜ የተሰባበረ ነው።

የቦታውን ትክክለኛነት በተመለከተ፣ መሣሪያውን በደሴ የጠዋት ቁር አስተካክሎ በኮምቦልቻ የቀትር ሙቀት መሥራት አይገባም። የፕሮቡ ፕላስቲክ ዌጅ (ከፕሮቡ ሥር ያለው ሽብልቅ) ሲሞቅ በውስጡ ያለው የድምፅ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ወደ ብረቱ የሚገባው አንግል ይሰፋል፤ ጉድለቱም ከጠርዙ መስመር የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል። የማስተካከያ ብሎኩን (መሣሪያው የሚስተካከልበትን ልኩ የታወቀ ብረት) በሥራው ቦታ ከብረቱ ሙቀት ጋር እስኪመጣጠን ማቆየት ይበጃል።

በሪፖርቱ ላይ 2.5 ሚሊሜትሩን ከተለካበት ዘዴ ጋር ይጻፉ። ይሁንና አስቀድመው የውል ሰነዱን ያንብቡ፤ አይኤስኦ 19285 (በፌዝድ አሬይ የተፈተሸ ብየዳ የሚዳኝበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) በርዝመትና በቁመት ወይም በርዝመትና በምልክት ጥንካሬ መዳኘትን ስለሚፈቅድ፣ ሁለተኛው መንገድ ከተመረጠ ቁመቱ በውሳኔው ውስጥ አይገባም።