ብሎክ ከማድረግሽ በፊት

ከኮምቦልቻ ለጠየቅሽን እህታችን፦ ጅዳ ነኝ ያለ ሰው በቴሌግራም ለወራት «እንጋባለን» ሲልሽ ቆይቶ በቴሌብር 15,000 ብር ወስዷል፤ አሁን 30,000 ካልጨመርሽ ፎቶሽን ለወንድምሽ እልካለሁ ይላል። አንቺ የፈራሽው ደግሞ «ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እጠየቅ ይሆን?» ብለሽ ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 የሚቀጣው አስፈራሪውን ነው፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከከበደ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። ማንነቱን አሳስቶ ብር መውሰዱ በአንቀጽ 10 ለብቻው ያስጠይቀዋል።

ዛሬ ግን ከሕጉ የሚቀድም ሥራ አለ። ብሎክ አታድርጊው፣ «እከስሃለሁ»ም አትበዪው። ቴሌግራም ላይ የጻፈውን ከራሱም ካንቺም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስክሪንሾት ስታነሺ ከዛቻው ጋር ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። ፕሮፋይሉን ከፍተሽ ዩዘርኔሙን፣ ስልኩም ከታየ ስልኩን አንሺ፤ ነገ ሊቀይረው ይችላል። የምታምኚው ሰው ላፕቶፕ ካለው በቴሌግራም ዴስክቶፕ ሙሉ ንግግሩን ኤክስፖርት አድርገሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ኢንተርኔት ቤት ግን አይሆንም፣ ሎግ አውት ሳታደርጊ ከወጣሽ ሌላ ጣጣ ነው።

ከ127 የመጣልሽን የቴሌብር መልእክት እንዳታጠፊ። የተቀባዩ ስልክ ግማሹ በኮከብ ቢሸፈንም የግብይት ቁጥሩ አለ። ስሙ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ አካውንቱን የሚያውስ አይጠፋም። ቢሆንም «ጅዳ ነኝ» ባዩ ብሩን የተቀበለው በዚህ አገር ሲም ካርድ ነው፤ ምርመራው ክሩን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ለ127ም ደውለሽ አስመዝግቢ። ብሩ አንዴ ወጪ ከሆነ ግን በማገድ አይመለስም።

ፖሊስ ጣቢያ ብዙዎች የሚሳሳቱት በብሩ ስለሚጀምሩ ነው። ተረኛው «ወደሽ ነው የሰጠሽው፣ ፍትሐ ብሔር ነው» ብሎ ሊመልስሽ ይችላል። አንቺ በዛቻው ጀምሪ፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፤ ቃሉን እንዳለ። የብሩ ዝውውር ከዚያ ይከተላል። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ ጠይቂ። ፎቶውን ወደ ማንም ፖሊስ የግል ስልክ እንዳትልኪ፤ በፍላሽ ለመርማሪው አስረክበሽ መረከቡን ያስፈርምልሽ። አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃ እንዲያቆዩ የሚገደዱት ቢያንስ 1 ዓመት ነውና አታዘግዪው። ፎቶው ከወጣና በስም ማጥፋትም መክሰስ ከፈለግሽ፣ ያ በግል አቤቱታ የሚታይ ስለሆነ ድርጊቱን ካወቅሽ በ3 ወር ውስጥ ማመልከት አለብሽ።

18 ዓመት ከሞላሽ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» (StopNCII.org) የሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ፎቶሽን ሳይወስድ አሻራውን (ፎቶውን የሚለይ የቁጥር ኮድ) ብቻ ከስልክሽ አውጥቶ ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራምና ለቲክቶክ ይሰጣል፤ እዚያ ሲለጠፍ እንዲያዝ። ቴሌግራም ግን የለበትም። የፌስቡክ ጓደኞችሽን ዝርዝር ዛሬውኑ ደብቂ፣ ወንድምሽን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

30,000ውን አትላኪ፤ የሚገዛልሽ ጥቂት ቀን ነው፣ ከዚያ 50,000 ይላል። ለወንድምሽ ወይም እሱን ለምታረጋጋው አክስትሽ አንቺው ቀድመሽ ንገሪ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሰውየው የያዘብሽ መሣሪያ ያ ብቻ ነው። «ሀከር ነኝ፣ 3,000 ላኪና ፎቶውን ከስልኩ አጠፋልሻለሁ» የሚል በውስጥ መስመር ከመጣ እሱም ሌላ አታላይ ነው፤ የእሱንም ስክሪንሾት አንሺ።