ፎረንሲክ ልማር ላልከው ልጅ፦ መጀመሪያ የዲግሪውን ስም እይ

ጥያቄህን አየሁት። «ሕግ ጨርሼ ድሬዳዋ አሲስታንት ሌክቸረር ሆኜ ተቀጥሬአለሁ፤ ማስተርሴን በክሪሚኖሎጂና ፎረንሲክ ብሠራ ያዋጣኛል ወይ?» ነው ያልከው። የወንጀልን መንስኤ ማጥናትና የወንጀል ማስረጃን በሳይንስ መመርመር ማለትህ ነው። አቦ፣ ያዋጣል! ግን እኔ የተቃጠልኩበትን ስማ።

1. ዲግሪው ላይ የሚጻፈውን ስም ሳታይ ለትምህርት ፈቃዱ ዋስ እንዳትጠራ። እኔ የኮርሶቹን ዝርዝር አይቼ በደስታ ዘለልኩ። ውጭ ሄጄ ተማርኩ፤ ወረቀቱ «የክሪሚኖሎጂ ማስተርስ» ይላል እንጂ የሕግ ማስተርስ አይልም። ማን ልብ አለው? ስመለስ የሌክቸረርነት እድገቴን ልጠይቅ ፋይሌን ይዤ ቢሮ ገባሁ። ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ይሄ ሶሲዮሎጂ ነው፤ እኛ የቀጠርንህ ለሕግ ነው» አለኝ። የኮርስ መግለጫ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል ተባለ፤ ሌላ አስላክሁ። ከዚያ ደግሞ ኮሚቴው አልተሟላም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሄደ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩ ልጆች በደመወዝ በለጡኝ። የገላገለችኝ ጸሐፊዋ ናት። «ስትሄድ ትምህርት ክፍሉ የፈቀደበት ቃለ ጉባኤ የለም እንዴ?» አለችኝ። ለካ ነበር! አንዲት ገጽ፣ መዝገብ ቤት አቧራ ለብሳ። አንተ ሳትሄድ በፊት «መስኩ ለሕግ ትምህርት ክፍሉ ይፈለጋል» የሚል ቃለ ጉባኤ አስይዝና ኮፒውን ቤትህ አስቀምጥ።

2. ላብራቶሪ የምትገባ እንዳይመስልህ። ዲኤንኤውን የሚያወጣው ባዮሎጂስቱ፣ አስከሬን የሚመረምረው ሐኪሙ ነው። የእኛ የሕግ ሰዎች ቦታ በእነሱና በዳኛው መሐል ነው። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 51 ደግመህ አንብበው። የተከሳሹ የአእምሮ ሁኔታ ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ ባለሙያ ያስጠይቃል። የሚገደደው ግን በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ባለሙያው ከዚያ ተነስቶ በሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ አይደለም። ይህችን መስመር ለዳኛውም ለሐኪሙም አስረድቶ የሚያግባባ ሰው ጥቂት ነው። እኔ አንዱ ነኝ፤ ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው።

3. ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝ በተግባር እየው። አንድ ጊዜ በነፃ የሕግ ድጋፍ በያዝነው ጉዳይ ደም የነካው ሸሚዝ በፌስታል ተቋጥሮ መጣ። የድሬ ሙቀት፣ ፌስታል፣ ስንት ሳምንት። ቋጠሮው ሲፈታ አንገትጌው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ በቅሏል። ደንበኛችን «ደሙ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የተመታሁት» ሲል ነበር የከረመው። ሊመረመር የሚችል ነገር ግን አልተረፈም። ደም የነካ ልብስ በጥላ ደርቆ ወረቀት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ፌስታል እርጥበቱን ያፍነዋል፤ ዲኤንኤውን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል።

ከዚያ ወዲህ በየሴሚስተሩ የዶሮ ደም ሁለት ጨርቅ ላይ አፈሳለሁ። አንዱን እንደረጠበ በፌስታል እቋጥራለሁ፤ ሌላውን አድርቄ በካኪ ፖስታ። አንድ ሳምንት ቢሮዬ ይቆያሉ፤ ግንቦት ከሆነማ አራት ቀንም ይበቃል። ክፍል ውስጥ ፌስታሉን ስፈታ የፊት ወንበር ላይ ሰው አይቀርም። ቢሮ የምንጋራው መምህር እስከ ዛሬ በቅጡ ሰላም አይለኝም።

4. ምን ልል ነበር? አዎ፣ የተቀበሉህበት ደብዳቤ ላይ የዲግሪው ስም ካለ ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ማታ አየዋለሁ። ከሰዓት ግን አትጠብቀኝ፤ ድሬ መሆናችንን አትርሳ።